ከኮማው በኋላ ማን ይመጣል? በእንግሊዝኛ ፈተና የሚያሳስቱኝ የመግለጫና የማወዳደሪያ ጥያቄዎች

የደሴዋ ተፈታኝ ጠየቀች፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ለ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በግል ተፈታኝነት እየተዘጋጀሁ ነው። እንግሊዝኛ ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተፈታኞች የጋራ ትምህርት ስለሆነ ችላ ልለው አልችልም። የንባቡንና የቃላቱን ክፍል እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ሰዋስው ላይ ስደርስ ግን ሁልጊዜ በሁለት ዓይነት ጥያቄዎች ነጥብ እጥላለሁ። አንደኛው ስምን ወይም ግስን የሚገልጽ ቃል ወይም ሐረግ የሚመረጥበት ሲሆን፣ ሁለተኛው ሁለት ነገሮች የሚወዳደሩበት ነው። ሕጉን አላጠናሁም እንዳልል ደብተሬ በሕግ ተሞልቷል፤ ማጠናከሪያ በተከታተልኩበት ቦታ መምህሩ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ሁሉ ገልብጫለሁ፤ ኮምፓራቲቭ ይህ ነው፣ ሱፐርላቲቭ ያ ነው እያልኩ በቃሌ መወጣት እችላለሁ። ጥያቄው ፊቴ ሲቀርብ ግን አማራጮቹ ሁሉ ትክክል ይመስሉኛል፤ በመጨረሻም ለጆሮዬ የጣመውን አከብባለሁ፤ እሱም ስሕተት ሆኖ ይገኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ሠርቼ የሳትኳቸውን አራት ጥያቄዎች ከዚህ በታች አስቀምጫለሁ። ስልኬ ላይ ከአንዱ የፊደል ገበታ ወደ ሌላው መመላለስ ስላስቸገረኝ እንግሊዝኛውን እንደ አነባበቡ በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ይቅርታ አድርጉልኝ።

የመጀመሪያው «ዎኪንግ ሆም ፍሮም ስኩል፣» ብሎ ይጀምርና ቀጣዩን አስመርጡኝ ይላል፦ ሀ. «ዘ ሬይን ሶክድ ማይ ቡክስ»፣ ለ. «ማይ ቡክስ ወር ሶክድ ባይ ዘ ሬይን»፣ ሐ. «አይ ጎት ማይ ቡክስ ሶክድ ኢን ዘ ሬይን»፣ መ. «ኢት ሬይንድ ኦን ማይ ቡክስ»። እኔ ሀን መረጥኩ፤ የመልስ ወረቀቱ ሐ ይላል።

ሁለተኛው «ዘ ክላይሜት ኦቭ ጎንደር ኢዝ ኩለር ዛን» ብሎ ባዶ ቦታ ይተዋል። እኔ «ሁመራ» ብዬ ሞላሁ፤ መልሱ ግን «ዛት ኦቭ ሁመራ» ነው ተባለ። ሦስተኛው «ራስ ዳሸን ኢዝ ሃየር ዛን … ማውንቴን ኢን ኢትዮፒያ» ይላል። «ኤኒ» ያልኩት ስሕተት ሆኖ «ኤኒ አዘር» ትክክል ሆነ። አራተኛው ስለ አንድ ገለጻ ሲሆን፣ «ዘ ሌክቸር ዋዝ ሶ …» ብሎ ግማሹ ተማሪ እንቅልፍ እንደ ወሰደው ይናገራል። «ቦርድ» ብዬ መለስኩ፤ መልሱ «ቦሪንግ» ነበር።

የመልስ ወረቀቱ ፊደሉን እንጂ ምክንያቱን አይነግረኝም። ከእናንተ የምፈልገው ተጨማሪ የሕግ ዝርዝር ሳይሆን፣ እነዚህን ጥያቄዎች ሳይ ዓይኔን ወዴት ማሳረፍ እንዳለብኝ ነው። አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው መምህር፣ ባሕር ዳር፦

ልጄ፣ እነዚህን አራት ስሕተቶች ከሠላሳ ዓመት በላይ በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ሳያቸው ኖሬአለሁ። ጥሩ አማርኛ የሚናገሩ ልጆች ይበልጥ የሚሳሳቱባቸው ናቸው ብልሽ አትገረሚ፤ ቢያንስ ሦስቱ የመጡት በአማርኛ ትክክል የሆነውን ነገር ወደ እንግሊዝኛ በቀጥታ ስላሻገርሽው ነው። እኔ የመጀመሪያውን ልያዝ፤ የቀሩትን ሌሎች ይረዱሻል ብዬ አምናለሁ።

«ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናቡ መጽሐፎቼን አበሰበሰብኝ» ብትዪኝ አንዳች እንከን አላገኝበትም። እንከን የሌለበት ምክንያት ግን ከቃሉ ውስጥ ነው ያለው። «ስመለስ»፣ «ስትመለስ»፣ «ሲመለስ»፣ «ስንመለስ» እያልን ስንናገር የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በጉያው ይዞ ነው የሚዞረው። ቦዝ አንቀጹም እንደዚሁ ነው፤ «ተመልሼ»፣ «ተመልሳ»፣ «ተመልሰው» ሲባል ማን እንደ ተመለሰ ለመጠየቅ አያስፈልግም። ስለዚህ ከእሱ ቀጥሎ ዝናብ ይምጣ ደመና ይምጣ፣ የተመለሽው አንቺ መሆንሽ አይጠፋም።

የእንግሊዝኛው «ዎኪንግ» ግን ባለቤት የለውም። ለእኔም «ዎኪንግ»፣ ለአንቺም «ዎኪንግ»፣ ለላሟም «ዎኪንግ» ነው። ባዶ እጁን ስለሆነ ባለቤት ይበደራል፤ የሚበደረውም ከኮማው በኋላ ከሚመጣው የዋናው ዐረፍተ ነገር ባለቤት ነው። አንቺ በመረጥሽው መልስ ከኮማው በኋላ የመጣው «ዘ ሬይን» ስለሆነ፣ ፈታኙ የሚያነበው «ዝናቡ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቱ ሲሄድ መጽሐፎቼን አበሰበሰ» ብሎ ነው። አማራጭ ለ ላይ የሚሄዱት መጽሐፎቹ ናቸው። «ማይ» የሚለው ቃል እዚያ ስላለ «እኔ አለሁበት» ብለሽ እንዳትታለዪ፤ «ማይ ቡክስ» ባለቤቱ መጽሐፎች እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ፈታኞችም ይህን ወጥመድ እጅግ ይወዱታል። መ ላይ ያለው «ኢት» ደግሞ እግር የለውም። የቀረው «አይ» ያለበት ሐ ብቻ ነው።

እንግዲህ ዓይንሽን የት ታሳርፊ ለሚለው ጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው፦ ዐረፍተ ነገሩ በእንዲህ ያለ ባለቤት አልባ ሐረግ ሲጀምር ካየሽ፣ አማራጮቹን ከማንበብሽ በፊት በእጅሽ ሸፍነሽ «ይህን ያደረገው ማን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በልብሽ ከያዝሽ በኋላ አማራጮቹን ግለጪና የእያንዳንዱን የመጀመሪያ ስም ብቻ ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ ሦስቱ እስከ መጨረሻው ሳይነበቡ ይወድቃሉ።

ሐረጉ በተደራጊ መልክ ሲመጣም ጥያቄው ይለወጣል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም። «ቢልት ባይ ኤምፐረር ፋሲለደስ ኢን ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ፣» ብሎ የጀመረ ዐረፍተ ነገር «ሜኒ ቱሪስትስ ቪዚት ዘ ካስል ኤቭሪ ይር» ተብሎ ቢቀጥል፣ ዐፄ ፋሲለደስ ቱሪስቶችን ሠርተዋል ማለት ይሆናል። የተሠራው ምንድን ነው? ቤተ መንግሥቱ። ስለዚህ «ዘ ካስል» ከኮማው ቀጥሎ መምጣት አለበት፦ «ዘ ካስል ኢዝ ቪዚትድ ባይ ሜኒ ቱሪስትስ ኤቭሪ ይር»። በሌላ ቦታ ተደራጊ ግስን ሽሹ እያልን ያስተማርናችሁ እኛው መምህራን ነን፤ እዚህ ላይ ግን የሚያድናችሁ እሱ ነው።

ሌላም መውጫ አለ። ሐረጉን ሳትነኪ ከኮማው በኋላ ያለውን ከማስተካከል ይልቅ ለሐረጉ ራሱ ባለቤት መስጠት ትችያለሽ፦ «ዋይል አይ ዋዝ ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ሶክድ ማይ ቡክስ» ትክክለኛ ዐረፍተ ነገር ነው። ልብ ብለሽ ካየሽው የ«ስመለስ» ትክክለኛ አቻ «ዎኪንግ» ብቻውን ሳይሆን ይህ «ዋይል አይ ዋዝ ዎኪንግ» የሚለው ነው። «ጀነራሊ ስፒኪንግ» እና «ኮንሲደሪንግ» የመሳሰሉት ግን ከልማድ የተነሣ ያለ ባለቤት የተፈቀዱ ስለሆኑ ብታያቸው አትደንግጪ።

የመግለጫው ቦታ በመሐል ወይም በመጨረሻ ሲሆንም ያው ችግር ይመጣል። አንድ ጊዜ አንድ ተማሪዬ ስለ ገበያ ውሎው ሲጽፍ «ዊ ሶልድ ዘ ኦክስ ቱ ኤ መርቻንት ዊዝ ሎንግ ሆርንስ» ብሎ አነበበልንና ክፍሉ በሣቅ ተናወጠ። ልጁ ግን ለምን እንደሣቅን አልገባውም፤ በሐሳቡ ያለው «ረጅም ቀንድ ያለውን በሬ ለነጋዴ ሸጥን» የሚለው ነበር። በአማርኛ ገላጩ ሁልጊዜ ከስሙ ፊት ስለሚቆምና «ያለውን» የሚለው ቃል ተሳቢነቱን ጭምር ይዞ ስለሚመጣ፣ ቀንዱ ወደ ነጋዴው የሚሻገርበት መንገድ የለም። እንግሊዝኛ ላይ ግን «ዊዝ ሎንግ ሆርንስ» የሚጣበቀው ከአጠገቡ ካለው ስም ጋር ነው። ስለዚህ ነጋዴው ባለ ቀንድ ሆነ። ማስተካከያው «ዊ ሶልድ ዘ ኦክስ ዊዝ ሎንግ ሆርንስ ቱ ኤ መርቻንት» ነው። በፈተናው እንዲህ ያለ ሐረግ ስታዪ ጣትሽን ሐረጉ ላይ አድርገሽ ወደ ግራ አንድ ስም ብቻ ሂጂ፤ እዚያ ያገኘሽው ስም ትርጉም ካልሰጠሽ አማራጩን ሰርዢው።

እናት፣ ሜሪላንድ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። «ስመለስ» እና «ዎኪንግ» ያሉት ነገር እኔንም ከሃያ ዓመት በፊት ወደ ተፈተንኩበት ወረቀት መለሰኝ። ወደ አሜሪካ ከመምጣቴ በፊት ቶፍል የሚባለውን የውጭ አገር ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ፈተና በወረቀት ስፈተን የሰዋስው ክፍሉ 40 ጥያቄ በ25 ደቂቃ ነበር፤ ከ40ዎቹ 15ቱ ባዶ ቦታ የሚሞላባቸው፣ 25ቱ ደግሞ አራት ቃላት ተሰምሮባቸው ስሕተቱ የቱ ጋ እንደሆነ የሚጠየቅባቸው ነበሩ። ለእያንዳንዱ ጥያቄ 40 ሴኮንድ እንኳ ስለማይደርስ ሕግ እያስታወሱ መፍታት የሚሆን አልነበረም። በቅርቡ ደግሞ ወንዱ ልጄ ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ሲፈተን አብሬው ተቀምጬ ነበር። ያ ፈተና አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ በኮምፒውተር ብቻ የሚሰጥ ሆኗል፤ የንባብና የጽሑፍ ክፍሉ 27 ጥያቄ በ32 ደቂቃ ሁለት ጊዜ ነው። መምህር ያነሡት የኮማው ጉዳይ እዚያም ላይ እንዳለ ነው፤ ልጄ እዚህ ተወልዶ፣ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻው ሆኖ፣ እሱም ይሳሳትበታል።

እኅቴ፣ እኔ ስለ ጎንደርና ስለ ሁመራ ልንገርሽ። «የጎንደር አየር ከሁመራ ይቀዘቅዛል» ስንል ማንም «አየርን ከከተማ ጋር እንዴት ታወዳድራላችሁ?» ብሎ አይሞግተንም፤ ሰሚው የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። የእንግሊዝኛ ፈታኝ ግን እንደ ክፉ የሒሳብ ሹም ነው፤ በግራ በኩል አየር ካስቀመጥሽ በቀኝም አየር ቆጥረሽ እንድታስረክቢው ይፈልጋል። «ዘ ክላይሜት ኦቭ ጎንደር ኢዝ ኩለር ዛን ሁመራ» ብትዪው፣ የጎንደር አየር ሁመራ ከምትባለው ከተማ ጋር ተወዳደረ ብሎ ያነብብሻል።

ለዚህ የሚሆን ዘዴ ያገኘሁት ከአማርኛችን ነው። «የጎንደር አየር ከሁመራው ይቀዘቅዛል» ማለት እንችላለን አይደለም? ያቺ መጨረሻ ላይ የተጨመረችው «ው» «የሁመራው አየር» ማለት ናት፤ ስሙን ሳትደግም ቦታውን ትይዛለች። እንግዲህ በልብሽ ዐረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሰሽ «ው» መጨመር ከቻልሽ፣ እንግሊዝኛው «ዛት ኦቭ» ይፈልጋል። ብዙ ቁጥር ከሆነና «ኦቹ» ካልሽ ደግሞ «ዞዝ ኦቭ» ነው። «የአዲስ አበባ መንገዶች ከጀጎሎቹ ይሰፋሉ» ስንል «ዘ ሮድስ ኦቭ አዲስ አበባ አር ዋይደር ዛን ዞዝ ኦቭ ጀጎል» ይሆናል። «የአዲስ አበባ ሕዝብ ከሐዋሳ ይበልጣል» ስትዪ ግን «ው» አፍሽ ላይ ባይመጣም የሚወዳደሩት ሁለት ሕዝቦች ስለሆኑ «ዛት ኦቭ ሐዋሳ» ማለት ግድ ነው። «ጎንደርስ ክላይሜት ኢዝ ኩለር ዛን ሁመራስ» ተብሎ የባለቤትነቷ «ስ» በሁለቱም በኩል ከመጣችም ትክክል ነው፤ በአንድ በኩል ብቻ ስትመጣ ነው ጉዱ።

ሁለቱ ችግሮችሽ የሚገናኙበትም ቦታ አለ። «ኮምፔርድ ዊዝ ሁመራ፣ ዘ ክላይሜት ኦቭ ጎንደር ኢዝ ኩል» የሚለውን ተመልከቺ። መምህር እንዳሉት ከኮማው በኋላ የመጣውን የመጀመሪያ ስም ስናይ አየር ነው፤ ከሁመራ ጋር የሚወዳደረው ግን ጎንደር መሆን ነበረበት። «ኮምፔርድ ዊዝ ሁመራ፣ ጎንደር ኢዝ ኩል» ሲባል ከተማ ከከተማ ጋር ተገናኘ። «ላይክ» እና «አንላይክ» ብለው የሚጀምሩትም እንደዚሁ ናቸው።

የራስ ዳሸኑ ጥያቄ ሌላ ነገር ነው። ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውና ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። «ከሁሉም ተራራ ይበልጣል» ስንል ራስ ዳሸን ከራሱም ይበልጣል ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። እንግሊዝኛው ግን «ኤኒ ማውንቴን ኢን ኢትዮፒያ» ሲል ራሱ ራስ ዳሸንም ስለሚቆጠር፣ ከራሱ እንዳይበልጥ «አዘር» ብሎ ያወጣዋል። ዘዴው እንግዲህ የሚወዳደረው ነገር ከሚወዳደርበት ቡድን ውስጥ አለ ወይስ የለም ብሎ መጠየቅ ነው። «ራስ ዳሸን ኢዝ ሃየር ዛን ኤኒ ማውንቴን ኢን የመን» ላይ «አዘር» አያስፈልግም፤ ራስ ዳሸን የመን ውስጥ የለምና። ፈታኞች ይህን ሁለተኛውን አቅርበው «አዘር» የለመደውን ተማሪ ሲጥሉት አይቻለሁ።

ሌሎቹ ቀለል ይላሉ። «ሞር ኢዚየር» እያልን የምንሳሳተው «የበለጠ ቀላል» ከሚለው አባባላችን ነው፤ አማርኛ ቅጽሉን ራሱን ስለማይለውጠው «የበለጠ» የሚለው ቃል ለሁሉም ያገለግላል፤ እንግሊዝኛ ግን ወይ «ሞር» ወይ «ኧር» እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አይቀበልም። «ያነሰ» የምንለውም እንዲሁ ለሚቆጠረው «ፊወር»፣ ለማይቆጠረው «ሌስ» ተብሎ ይከፈላል። ሁለት ነገሮች ብቻ ሲወዳደሩ «ዘ ቶለር ኦቭ ዘ ቱ» እንጂ «ዘ ቶለስት» አይባልም። እኛ ጋ ሁለትም ይሁኑ ሃያ «ረጅሙ» ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ልምምድ ከፈለግሽ ጂማት ለሚባለው የቢዝነስ ድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የተዘጋጁ አሮጌ መጻሕፍትን አትናቂ። ያ ፈተና እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 በወጣው አዲስ ቅጹ የዐረፍተ ነገር ማረሚያ ክፍሉን ስላስቀረው መጻሕፍቱን ተፈታኞች ትተዋቸዋል፤ ለ12ኛ ክፍል ከሚያስፈልገው በላይ ከባድ ቢሆኑም ለማወዳደሪያና ለመግለጫ እንደ እነሱ የሚያጠግብ የለም።

ሁለተኛ ዓመት፣ ጅማ፦

መምህርና እናታችን ሰፊውን ሠርተውታል፤ እኔ የቀረውን «ቦሪንግ» እና «ቦርድ» ልውሰድ፤ እኔም የዛሬ ሁለት ዓመት የተሳሳትኩት በዚሁ ነበርና። እህቴ፣ ለዚህኛው አማርኛ ጠላት ሳይሆን ወዳጅ ነው። «አሰልቺ»፣ «አስደሳች»፣ «አስፈሪ»፣ «አድካሚ»፣ «አስገራሚ» የሚሉትን ቃላት ተመልከቺ፤ ሁሉም በ«አ» ወይም በ«አስ» የሚጀምሩ ሲሆኑ ስሜቱን በሌላው ላይ የሚያሳድረውን ነገር ይገልጻሉ። እነዚህ በእንግሊዝኛ «ኢንግ» የሚጨምሩት ናቸው። «የሰለቸው»፣ «የተደሰተ»፣ «የፈራ»፣ «የደከመው»፣ «የተገረመ» ደግሞ ስሜቱ ያደረበትን ይገልጻሉ፤ እነዚህ «ኤድ» ያለባቸው ናቸው። ገለጻው አሰልቺ ነው እንላለን፤ ገለጻው ሰልችቶታል አንልም። ስለዚህ «ዘ ሌክቸር ዋዝ ቦሪንግ»።

ሰው ከሆነ «ኤድ»፣ ዕቃ ከሆነ «ኢንግ» የሚል አቋራጭ የሚያስተምሩ አሉ፤ አትመኚው። አሰልቺ ሰውም አለ፤ «ሂ ኢዝ ቦሪንግ» ማለት ሌላውን ያሰለቻል ማለት ነው።

በቅጽልና በተውሳከ ግስ መካከል ለሚመረጥበት ደግሞ እኔ የተጠቀምኩበት ነገር ቀላል ነው፦ ከግስ ቀጥሎ ባዶ ቦታ ካየሽ «ሊ» ያለበትን ምረጪ። በዚህ ነው ያለፍኩት።

ጡረተኛው መምህር፣ ባሕር ዳር፦

ስለ «አሰልቺ» የጻፍከው ግሩም ነው፤ ብዙ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አላቀረብኩትም፤ ዛሬም ባስተምር ኖሮ እወስድልህ ነበር። የመጨረሻውን ምክርህን ግን ልጄ እንድትይዘው አልፈልግም፤ አንተ ባለህ ዕድል አልፈህበት ይሆናል እንጂ በዚህ መንገድ የሚወድቁት ይበዛሉ።

በመጀመሪያ «ሊ» ያለው ሁሉ ተውሳከ ግስ አይደለም፤ «ፍሬንድሊ» እና «ለቭሊ» ቅጽሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ «ሊ» ሲጨመር ትርጉሙ የሚገለበጥ አለ። «ሂ ዎርክስ ሃርድ» ማለት ጠንክሮ ይሠራል ማለት ነው፤ «ሂ ሃርድሊ ዎርክስ» ብትል ግን እምብዛም አይሠራም ብለህ ሰውየውን ሰደብከው። «ሌት» ዘግይቶ ሲሆን «ሌትሊ» ግን በቅርብ ጊዜ ማለት ነው።

ዋናው ግን ሦስተኛው ነው። ግስ ሁሉ ድርጊት አይናገርም። «ዘ ኮፊ ስሜልስ» ብሎ ባዶ ቦታ ቢተው መልሱ «ጉድ» ነው፤ «ዌል» ካልን ቡናው አፍንጫ አውጥቶ ደኅና አድርጎ ያሸታል ማለት ይሆናል። መለያው እንዲህ ነው፦ ግሱን አውጥተሽ በቦታው «ኢዝ» አስገቢ። «ዘ ኮፊ ኢዝ ጉድ» ብሎ ከቆመ ግሱ አገናኝ ነውና ቅጽል ምረጪ። ካልቆመ ግሱ ድርጊት ነው፤ ተውሳከ ግስ ይፈልጋል።

«ሉክ» የሚለውን ግስ ለብቻው ላንሣው፤ ሁለቱንም ስለሚሆን ፈታኞች ይመርጡታል። «ሺ ሉክድ አንግሪ» እና «ሺ ሉክድ አንግሪሊ አት ዘ ዶር» ሁለቱም ትክክል ናቸው። እንግሊዝኛው በአንድ ግስ የተናገረውን እኛ በሁለት ግስ ነው የምንናገረው፦ የመጀመሪያዋ የተቆጣች ትመስላለች፤ ሁለተኛዋ በሩን በቁጣ ተመለከተችው። ወደ አማርኛ ስትመልሺው «መምሰል» ከመጣ ቅጽል፣ «መመልከት» ከመጣ ተውሳከ ግስ ነው። «ቴስት»፣ «ፊል» እና «ሳውንድ» ላይም ይህንኑ ሞክሪ።

የደሴዋ ተፈታኝ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መምህር፣ ትናንት ማታ እንዳሉኝ አማራጮቹን በእጄ እየሸፈንኩ ሃያ ጥያቄ ሠርቼ በመግለጫዎቹ ሁለት ብቻ ነው የሳትኩት፤ ከዚህ በፊት ግማሹን እስት ነበር። እናቴ ከሜሪላንድ፣ የ«ው» ነገር እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን ያውቃል፤ ለታናሽ ወንድሜ ጭምር አስተማርኩት። የአንድ ጥያቄ መልስ ግን አሁንም ግራ አጋብቶኛል፦ «ሺ ሄልፕስ ዩ ሞር ዛን አይ» እና «ሺ ሄልፕስ ዩ ሞር ዛን ሚ» ሁለቱም ከአማራጮቹ ውስጥ ነበሩ። የትኛው ነው ትክክል?

ራሴን ለመፈተን ሦስት ዐረፍተ ነገሮችም ሠርቻለሁ፤ ብታርሙልኝ። አንድ፦ «ዘ ዊንዶውስ ኦቭ አወር ሃውስ አር ስሞለር ዛን ዞዝ ኦቭ ዘ ስኩል»። ሁለት፦ «ማይ ብራዘር ኢዝ ቶለር ዛን ኤኒ አዘር ስቱደንት ኢን ሂዝ ክላስ»። ሦስት፦ «አፍተር ሪዲንግ ዩር ሪፕላይስ፣ ማይ ሚስቴክስ ቢኬም ክሊር»።

እናት፣ ሜሪላንድ፦

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ትርጉማቸው ነው የሚለያየው። «ዛን አይ» ካልሽ «እኔ ከምረዳሽ በላይ እሷ ትረዳሻለች» ነው፤ ከመጨረሻው «ዱ» የምትል ቃል ተሰውራለች። «ዛን ሚ» ካልሽ «እኔን ከምትረዳኝ በላይ አንቺን ትረዳሻለች» ነው። ሁለቱም አማራጭ ሆነው ከቀረቡ ከባዶ ቦታው በፊት ወይም በኋላ ታሪኩን የሚናገር ሌላ ዐረፍተ ነገር ይኖራል፤ እሱን ሳታነቢ አታክብቢ። ሦስቱን ዐረፍተ ነገሮችሽን ለመምህር ትቻለሁ፤ አንደኛውና ሁለተኛው ግን ለእኔ ንጹሕ ናቸው። ወንድምሽ እሱም ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ መሆኑን አልዘነጋሽም።

ጡረተኛው መምህር፣ ባሕር ዳር፦

እኔም በሁለቱ እስማማለሁ። ሦስተኛውን ግን እጅሽን ከኮማው በኋላ ባለው ላይ አድርጊና መልሰሽ አንብቢው። መልሳችንን ያነበበው ማን ነው? እንደ ጻፍሽው ከሆነ ስሕተቶችሽ ቁጭ ብለው መልሳችንን አንብበዋል። «አፍተር ሪዲንግ ዩር ሪፕላይስ፣ አይ ሶው ማይ ሚስቴክስ» ብለሽ አስተካክዪው። ከዚያ በኋላ መጨረሻው ላይ የሚጨመረው «ክሊር» ይሁን ወይስ «ክሊርሊ» የሚለውን «ኢዝ» አስገብተሽ ፈትኚና ነገ ጻፊልኝ።